የመጋቢት ሚካኤል ፎቶ

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ራሷን ጀግና አደረገች እንዳልባል ነው። ሪያድ ሦስት ዓመት በሰው ቤት ስሠራ፣ የእመቤቲቱ ጫማ ደረጃው ላይ ቋ ቋ ሲል የያዝኩትን ሁሉ አስቀምጬ እቆም ነበር። ተመልሼ፣ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሬ፣ አገሬ ደብረ ታቦር ቢሮ ከገባሁ በኋላም ስልክ በጮኸ ቁጥር ያው ከወንበሬ እነሣለሁ። ዙለይካ እባላለሁ፤ የልብስ ሰፊው የኢድሪስ ልጅ ነኝ። የሠራሁበትን መሥሪያ ቤት ስም ግን አልናገርም፤ ዛሬም እንጀራቸውን የሚበሉበት ሰዎች አሉ።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው። ቢሮው የገበሬውን የመሬት ይዞታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ፕሮጀክት ነበር። ያቋቋሙት ፈረንጆች ሁለት ሰርቨር ትተውልን ሄደዋል፤ እኛ ትልቁና ትንሹ እንላቸዋለን። ሁለቱም ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩ፣ አጥፍቶ በማብራት ብቻ የማይታለሉ ኩሩ ዕቃዎች ናቸው። የገበሬው ስም፣ የማሳው ስፋት፣ አዋሳኙ ሁሉ ያለው ትልቁ ላይ ነው። የትንሹ ሥራ የትልቁን ሙሉ ግልባጭ መያዝ ብቻ ነው። ግልባጩን ኢሜጅ እንለዋለን። ትልቁ ድንገት ቢሞት ባዶ ዲስክ ይገባለትና ኢሜጁን በኔትወርክ ገመድ ከትንሹ ላይ ይስባል። ከዚያ ሥርዓቱም፣ መዝገቡም፣ የይለፍ ቃሉም ሳይቀር፣ ኢሜጁ በተወሰደበት ቀን እንደነበረው ሆኖ ይነሣል። ከዚያ ቀን በኋላ የተጻፈ ግን አይነሣም። ያን ሰኞ የፈራሁት ሁሉ ከዚህች ነገር የመጣ ነው።

ትልቁ የሞተው ዓርብ፣ ሚያዝያ 23 ነው። ዲስኩ ሁለት ቀን ሲንቋቋ ሰንብቶ ከሰዓት በኋላ ዝም አለ። እኔ ቢሮው ከገባሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር። ከእኔ በፊት ማሽኖቹን ይጠብቁ የነበሩት አቶ ሙላቴ ጡረታ ወጥተው እብናት ገብተዋል፤ አልተገናኘንም። የተረከብኩት አንድ የቁልፍ ዘለላና የይለፍ ቃል የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ነው። ሞባይላቸው ላይ ቅዳሜንና እሑድን ሙሉ ደወልኩ፤ የቴሌዋ ሴትዮ ሊያገኟቸው አይችሉም ከማለት ሌላ ቃል የላትም።

ሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ አዲሱ ዲስክ ከባሕር ዳር መጣ። ሐሙሲት ላይ ሚኒባስ ቀይሮ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ሾፌሩ እግር ሥር ተቀምጦ ነው የመጣው። ፊርማ ፈርሜ ተቀብዬ ወደ ግቢው ስዞር፣ አግዳሚው ላይ አንድ ሰው፣ በሩ ሥር ደግሞ አንዲት ሴት ተቀምጠው አየሁ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ መጥተው፣ የፍርድ ቤት ደብዳቤ የላችሁም ተብለው ተመልሰው ነበር።

ሴትዮዋ ወይዘሮ አማረች ናቸው፤ ከጉና ግርጌ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ስድሳ ያለፋቸው የሙት ሚስት። ሰውየው ዘውዱ ይባላል፤ የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሊቀ መንበር። ሦስት ጥማድ መሬት ላይ ተካሰዋል። እሱ መሬቱ የወንድሜ ነበርና ወደ እኔ ይመለሳል ይላል፤ እሳቸው ከባሌ ጋር በስሜ ተመዝግቦልኛል ይላሉ። የይዞታ ደብተራቸው በፋሲካ ማግሥት ከነቤታቸው ተቃጥሏል። እሳቱ ከየት እንደመጣ ያየ የለም። በቀበሌው ያለው የወረቀት መዝገብ ደግሞ ዘውዱ እጅ ነበር፤ አይጥ በላው ብሏል። የቀረ አንድ ማስረጃ ቢኖር ትልቁ ላይ የገባው ስማቸው ነው። ፍርድ ቤቱ ከመዝገቡ የታተመ ወረቀት ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ይቅረብ ብሎ ቀጥሯል። ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ መሬቱም ለዘውዱ ይሄዳል።

ሳልፍ ዘውዱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላም አለኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁ አይሰማም። ማሽኑ ሞተ አይደል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይነሣል አልኩት። ጥቂት ራሱን ነቀነቀና እንዲህ አለ፤

«አባትሽ ኢድሪስ አይደሉ? እዚያ ገበያው ዳር ያለችው የጣውላ ሱቅ የሳቸው ናት። ደረቅ እንጨት ናት፣ እህቴ። በዚህ በጋ ጠንቀቅ በሉ በያቸው።»

ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ካርቶኑን አጥብቄ አቅፌ ቆምኩ። ምንም ክፉ ነገር አላለም እኮ፤ ለፖሊስ ብነግር ምክር ነው የሰጠኝ ይባላል። የወይዘሮ አማረች ቤት ግን ከነጭድ ክምሩ፣ ከነዕቃው ነው ዓመድ የሆነው። አባቴ ደግሞ እዚያች ጣውላ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይሰፋል፤ ጆሮውም አይሰማ።

የቢሮ ኃላፊዬ ጋሽ ካሳሁን ከእኔ የባሱ ፈሪ ነበሩ። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ እስከዚያ ድረስ ዓለም ፀጥ ብላ እንድትቆይላቸው ነው የሚፈልጉት። የዘውዱን ነገር ልነግራቸው ስጀምር እጃቸውን አንሥተው እኔ የሰማሁት ነገር የለም አሉ። የወይዘሮ አማረች ስም መቼ እንደገባ ስጠይቃቸው፣ የጉና ቀበሌዎች ሁሉ እስከ ኅዳር አልቀዋል ብለው መለሱልኝ። ይህን አምኜ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ገባሁ።

ወይዘሮ አማረች ተከትለውኝ መጡና ደፉ ላይ ተቀመጡ። ከዘውዱ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ አልፈለጉም። ሰው እዚህ አይገባም የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ማንበብ አይችሉም፤ እኔም አላነበብኩላቸውም።

ዲስኩን አስገባሁና ትንሹን ከፈትኩ። ሁለት ኢሜጅ አለ። በአንዱ ላይ ኖቬምበር 20፣ 2008 ይላል። በሌላው ላይ ጁላይ 12፣ 2001 ይላል።

የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ፈረንጁ በኅዳር ከመሄዱ በፊት የወሰደው ነው። ሁለተኛውን አይቼ ሣቅሁ። በፈረንጅ 2001 ማሽኖቹ እንኳን ደብረ ታቦር፣ ከፋብሪካም አልወጡም። ምክንያቱን ግን የማውቅ መሰለኝ። ቢሮው በገባሁ ቀን የሁለቱም ማሽኖች ሰዓት 2001 ላይ ቆሞ አግኝቼው ነበር። የውስጥ ባትሪው የደከመ ማሽን ዓመት ይረሳል፤ እንዲያ ነው የተማርነው። ባትሪ ነው ብዬ ለማንም ሳልነግር ወደ 2009 አስተካክዬ፣ እነዚህ ሰዎች ቀን እንኳ አያውቁም ብዬ በልቤ ኮርቼ ነበር።

ሰው የገዛ ዓመቱን ፊቱ ተጽፎ እንዴት አያውቀውም ትሉኝ ይሆናል። እኔም እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ያሳሳተኝ ያ ጁላይ የሚለው ቃል ነው። በፈረንጅ ወር የተጠራ ዓመት የፈረንጅ ዓመት ነው፤ ሪያድም ኮሌጅም በዚያ አቆጣጠር ስኖር አእምሮዬ ወደዚያው ይሮጣል። ወሩንና ቀኑን ዝቅ ብዬ አላየሁም። ያየሁት ዓመቱን ነው፤ ያየሁትም በሰው አገር ዓይን ነው።

ባሕር ዳር ለዋናው ቴክኒሻን ለፈይሰል ደወልኩ። ኮሌጅ አብረን ነበርን፤ እሱ አንደኛ ወጥቶ ዋናው ቢሮ ቀረ፣ እኔ እዚህ መጣሁ። የትንሹ ዲስክ ሊሞላ መድረሱን ነገርኩት፤ ኢሜጁ በኔትወርክ ሲሄድ መንፈላሰሻ ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታው ግን የለም። እሱ ምንም አላመነታም። የኖቬምበሩን ተጠቀሚ፣ ያን የ2001 ኮተት አጥፊው፣ ቦታ ይለቅልሻል አለኝ። ወደ ሌላ ቦታ ልቅዳው ወይ ስለው ወዴት ብሎ ሣቀ። እውነቱን ነው፤ ቢሮው ውስጥ ያን የሚያህል ነገር የሚይዝ ዕቃ አልነበረም። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዝበት ቴፑም ከጥቅምት ጀምሮ ተበላሽቷል።

ማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የአዎን ፊደል ነካሁ። የቀረኝ አንዲት ቁልፍ መጫን ናት፤ ጣቴ ላይዋ ላይ ነበር።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ አማረች ከበሩ።

ዝም ብል ደስ ባለኝ። አዛውንት ሲጠይቁ ዝም ማለት ግን በቤታችን የለም። ኢሜጅ ምን ብዬ ልተርጉምላቸው? አሮጌ ፎቶ ልጥል ነው፣ የማሽኑን ፎቶ፣ አልኳቸው።

«እንዴ፣ ያን ሙላቴ ያነሣውን?»

ጣቴን ሳላነሣ ዞርኩ።

«የትኛውን ነው የሚሉት፣ እናቴ?»

«እኔን ያስገባኝ ቀን እኮ። ስሜን ኸዚያ ላይ ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ፤ ዘውዱን አላምነውማ፣ ወረቀቴን ራሴ ይዤ ነው የመጣሁት። ሲጨርስ ምን አለኝ፣ እርስዎ የመጨረሻዬ ነዎት፣ አሁን የማሽኑን ፎቶ አነሣና እኔም ወዳገሬ እገባለሁ አለኝ። ያችን ነው የምትጥይ?»

መቼ ነው አልኳቸው። ጋሽ ካሳሁን እስከ ኅዳር ብለውኛል እኮ።

«ኧረ የምን ኅዳር። ኅዳርማ ባሌ አልሞተም። የመጋቢት ሚካኤል ነው። እርሻ አይታረስ፣ በዓል ነው ብዬ ነው ኸተማ የወጣሁት።»

እኔ እስላም ነኝ። ደብረ ታቦር ያደገ ሰው ግን ሚካኤል አሥራ ሁለት መሆኑን ሳያውቅ አያድግም። አባቴ ለደንበኞቹ የልብስ ቀጠሮ የሚሰጠው በታቦት ነው፤ ለጊዮርጊስ ይደርሳል፣ ለመድኃኔ ዓለም ነይ ይላል። አሥራ ሁለት። ከዚያ ወሩን በጣቴ ቆጠርኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። ሰባት። ጁላይም ለፈረንጅ ሰባተኛ ወር ነው።

ሰባተኛ ወር፣ አሥራ ሁለት፣ 2001። ማሽኑ ዓመት አልረሳም ነበር። አቶ ሙላቴ ሰዓቱን ያገሩን ቀን አስይዘውታል።

ጣቴን ከቁልፏ ላይ በቀስታ አነሣሁት። እንደ ብርጭቆ ነው ያነሣሁት፤ ቢንሸራተት የሴትዮዋ ስም የለም። ትእዛዙን ሰርዤ ለትንሽ ጊዜ እጄን ጭኔ መሐል አድርጌ ተቀመጥኩ።

ፍርሃቱ ግን ገና መጀመሩ ነው። ቦታው አሁንም የለም፤ ከሁለቱ ኢሜጆች አንዱ መጥፋት አለበት። የመጋቢቱን ልጠቀም ካልኩ የማጠፋው የኖቬምበሩን ነው፤ ባሕር ዳር የሚያውቀውን፣ ፈረንጁ ፈትሾ የተወውን። የአቶ ሙላቴ ኢሜጅ ጤነኛ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም። ግማሽ ላይ ተቋርጦ ቢሆንስ? ቆጠራው አጋጣሚ ቢሆንስ? ያኔ አንድ ስም አይደለም የሚጠፋው፣ የአሥራ አራት ሺህ ገበሬ ስም ነው፤ እኔም ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን እስር ቤት እገባለሁ። በሌላ በኩል ፈይሰል ያለኝን ብሠራ ማንም አይጠይቀኝም። ማሽኑ ይነሣል፣ ሁሉም ያመሰግናል፣ ዘውዱም አግዳሚውን ትቶ ይሄዳል። የአባቴ ሱቅም ደኅና ውላ ታድራለች።

ይህን የመጨረሻውን አስቤዋለሁ። አልዋሽም። በጣም እንደጣፈጠኝም እናገራለሁ።

ወይዘሮ አማረች ደፉ ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። ምንም አልለመኑኝም። የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ እየፈቱ፣ ያነሣው ፎቶ ላይ እኔም አለሁ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ያሉ ይመስለኛል አልኳቸው። እንግዲያው አትጣይኝ አሉኝ።

ጋሽ ካሳሁንን አልጠየቅሁም። ብጠይቃቸው ባሕር ዳርን ጠይቂ ይሉኛል፤ ባሕር ዳር ደግሞ መልሷን ሰጥታለች። የትኛውም አስተማሪ ይህን ቢሰማ ይሰቅለኛል። ቢስሚላህ ብዬ የኖቬምበሩን ኢሜጅ አጠፋሁት። አሥራ አምስት ሰከንድ አልፈጀም።

ከዚያ ትልቁን አስነሣሁት፤ ከባዶው ዲስኩ ሳይሆን ከኔትወርኩ እንዲነሣ አዘዝኩት። ትንሹን ፈልጎ ሲያጣ፣ እንደገና ሲፈልግ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ቆሜያለሁ። በሦስተኛው አገኘው። የመጋቢቱን ኢሜጅ መርጬ ቀጥል አልኩት። ስክሪኑ ላይ ከመቶ አንድ የሚል ቁጥር ወጣ። ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር።

ከመቶ ዘጠኝ ላይ መብራት ሄደ። ያን ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር፤ የእኛ ፈረቃ ማክሰኞ ነው ተብሎ ነበር፣ እነሱ ግን ሰኞ አሉት። ማሽኖቹን ለአምስት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ አለ፤ እሱ መጮህ ጀመረ። ጥበቃው ታደሰ ጄኔሬተሩን እስኪያስነሣ ድረስ የባትሪውን ጩኸት ቆጠርኩ። ስልሳ ሰባት ጊዜ ጮኸ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ታደሰ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ቤንዚኑ ሁለት ሰዓት ቢያስኬድ ነው አለኝ። ኢሜጁ የሚፈልገው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ታደሰ ጀሪካን ይዞ ማደያ ሄደ፤ ባዶውን ይዞ ተመለሰ፤ ቤንዚን ከቅዳሜ ጀምሮ የለም ተብሏል።

እነዚያን ሁለት ሰዓታት እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ቁጥሩ ሃያ ሦስት ላይ ስምንት ደቂቃ ቆመ፤ ኢሜጁ ግማሽ ነው፣ አለቀልኝ አልኩ። ሃያ አራት አለ። አርባ ላይ ዘውዱ ወደ መስኮቱ መጣና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስክሪኑን ተመለከተ። ለአባቴ ስልክ ልደውል አሰብኩ፤ ስልክ የለውም። ጎረቤቱ ሚስራ ጋ ደውዬ አባቴን እይልኝ አልኳት፤ ምን ሆኖ አለች፤ ዝም ብለሽ እይልኝ አልኳት። እየሰፋ ነው አለችኝ።

ሰማንያ አንድ ላይ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ባትሪው እንደገና ጮኸ። በዚህ ጊዜ አምስት ደቂቃ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ከጧቱ ጩኸት ወዲህ ገና ተመልሶ አልሞላም። ወደ ግቢው ሮጥኩ። እዚያ ግድግዳው ሥር የጋሽ ካሳሁን ሞተር ብስክሌት ቆማለች። ቤንዚን የምትጠጣ፣ በየቀኑ በጨርቅ የሚያሿት፣ ሌላ ሰው ሲነካት ፊታቸው የሚጠቁር ሞተር። ጋሽ ካሳሁን በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ። ዘውዱም አግዳሚው ላይ ሆኖ እሳቸውን አያቸው። እኔ ሞተሯንና እሳቸውን አፈራርቄ አየሁ።

ጋሽ ካሳሁን ኪሳቸው ገቡ። የቤንዚን ማጠራቀሚያዋን ቁልፍ አወጡና ለእኔ ሳይሆን ለታደሰ ወረወሩለት። ከዚያ ቢሮአቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ያን ያህል ፈሪ ሰው ያን ያህል ነገር ሲያደርግ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ታደሰ ቤንዚኑን በጎማ ስቦ፣ ግማሹን በአፉ ይዞ እየተፋ፣ ጄኔሬተሩ ውስጥ ሲቀዳ የባትሪው ጩኸት ወደ አንድ ረጅም ድምፅ ተለወጠ። ሊጠፋ ሲል የሚያወጣው ድምፅ ነው። የገመዱን እጀታ አንድ ጊዜ ሳበ፣ አልተነሣም። ሁለት ጊዜ ሳበ፣ አልተነሣም። ወይዘሮ አማረች ከበሩ ተነሥተው ግድግዳውን ይዘው ቆመው ነበር። በሦስተኛው ተነሣ። ክፍሉ ውስጥ ስመለስ ስክሪኑ ሰማንያ ሁለት ይላል።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ መቶ ሞላ። ትልቁ ራሱን አጥፍቶ ተነሣና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የአቶ ሙላቴን ብጣሽ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ። ገባሁ። የመዝገቡን ፕሮግራም ከፍቼ የቀበሌውን ስም፣ ቀጥሎ አማረች ብዬ ፈለግሁ። አንድ ሰው ተገኝቷል አለኝ።

አልጮኽኩም፤ አልሳቅሁም። ወንበሬ ላይ ሆኜ እንባዬ መጣ። ወይዘሮ አማረች ማልቀሴን አይተው የጠፉ መስሏቸው ወደ በሩ ዞሩ። እናቴ፣ አልጠፉም፣ እዚህ አሉ ብዬ ጠራኋቸው።

ወረቀቱን ማተም ግን ገና ቀርቶ ነበር። አተምኩና ለፊርማ ለጋሽ ካሳሁን ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን አዩና እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ይህን ፍርድ ቤቱ አይቀበለውም አሉኝ። በታኅሣሥ እንዲህ ያለ ወረቀት ልከን፣ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚመጣ ቀን የተጻፈበት ሐሰተኛ ወረቀት ነው ተብሎ ተመለሰ፤ ከዚያ ሙላቴ ማሽኖቹን ያገራችንን ቀን አስያዛቸው፣ ወር በገባ ቁጥርም በእጁ ያስተካክላቸው ነበር፣ አልነገረሽም ወይ አሉኝ። ማን ይንገረኝ። እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም ልላቸው ነበር፤ ሞተር ብስክሌቷን አስቤ ተውኩት። ተመልሼ እኔ ያቀናሁትን ሰዓት እኔው አጠመምኩት። ወረቀቱ በሁለተኛው ሲወጣ ስምንተኛ ወር፣ ሃያ ስድስት፣ 2001 አለ። ሚያዝያ 26፣ የዕለቱ ቀን። ፈረሙ፤ ማኅተም መቱ።

ግቢው መሐል ቆሜ ለሴትዮዋ አነበብኩላቸው። ወይዘሮ አማረች፣ ሦስት ጥማድ፣ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ የዋልልኝ ማሳ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የቤተ ክርስቲያን መሬት። ዓይናቸውን ጨፍነው ከእኔ ጋር ይሉ ነበር፤ ወንዝ ስል ወንዝ፣ ዋልልኝ ስል ዋልልኝ። ዘውዱ እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማና ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ። ሲያልፍ ቀስ ብሎ ለአባቴ ሰላምታ እንዳደርስለት ነገረኝ።

ወይዘሮ አማረች ወረቀቱን ደረታቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ እጄን ያዙ። ቀኝ እጄን ነው። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሳይገባኝ ጎንበስ ብለው ጣቶቼን ሳሙ። ያቺኑ ጣት። እጄን ነጠቅሁ። አዛውንት ስለሳሙኝ ያፈርኩ መስሏቸው፣ የኔ ልጅ፣ ሞትሽን ለእኔ ያድርገው፣ አንች ባትኖሪ ጠፍቼ ነበር አሉኝ።

ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን ተቀበለ፤ መሬቱም ጸናላቸው። እኔ ከመጋቢት ወዲህ የገቡትን ስሞች መሳቢያዬ ውስጥ ከነበሩት ቅጾች እንደገና ጻፍኩ። አቶ ሙላቴን በስልክ ያገኘኋቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ኢሜጁ ሠራ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ፣ ሠራ አልኳቸው። ያን ክረምት እስኪዘንብ ድረስ አባቴ ሱቅ ደጃፍ ሁለት ባልዲ ውኃ አስቀምጥ ነበር። አባቴ ምንድነው ይህ ሲለኝ፣ ለአቧራው ነው እለዋለሁ። ሱቋ አልተቃጠለችም።

ይህ ሁሉ ብዙ ዓመት ሆነው። ወይዘሮ አማረች እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። ድንች በደረሰ ቁጥር በገበያተኛ እጅ አንድ ኬሻ ይልኩልኛል፤ ለኸተማ ልጄ፣ ላላጠፋችኝ፣ ብለው ይልካሉ። ከዚያችው ከሦስቷ ጥማድ የወጣ ትልልቅ፣ ቀይ አፈር ያልለቀቀው ድንች ነው። እናቴ ትቀቅለዋለች፤ ቤቱ ሁሉ ይበላዋል። እኔ ልጣጩን እልጥላቸዋለሁ እንጂ አልበላም። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ሆዴን ያመኛል እላለሁ፤ አንዲት ቁልፍ ብቻ ቀርታኝ እንደነበር እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።